የምክር ቤቱ የካርቦን ቅነሳ ዕቅድ ቁም ነገር ያለው መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጥያቄው፦ «የአካባቢያችን ምክር ቤት የካርቦን ልቀትን ለመቀነስ ዕቅድ አውጥቶ የነዋሪዎችን አስተያየት እየጠየቀ ነው። በዕቅዱ ላይ የመንገድ መብራቶችን በኤልኢዲ መተካት፣ በምክር ቤቱ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ የሶላር ፓኔል መትከል፣ ለሠራተኞች የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት እና የብስክሌት መስመር መዘርጋት ተዘርዝረዋል። ከጎረቤቶቼ አንዳንዶቹ ‹አንድ የአካባቢ ምክር ቤት የዓለምን አየር ንብረት ምን ሊያደርገው ነው?› ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ምንም ይሁን ምን መጀመሩ ጥሩ ነው ባዮች ናቸው። ዕቅዱ የእውነት ይሁን የይስሙላ እንዴት ለይቼ ማወቅ እችላለሁ? የትኛውስ ሥራ ቢቀድም ይሻላል?»

ምላሽ፦ ከጎረቤቶችዎ ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ከፊሉን ይዘዋል። የማይግባቡት፣ ምክር ቤቱ በባለቤትነት የያዘውን ንብረት እና ምክር ቤቱ የመወሰን ሥልጣን ያለውን ጉዳይ ለይተው ስላላዩ ይመስለኛል። በአየር ንብረት ጉዳይ የብሪታንያን መንግሥት የሚያማክረው ገለልተኛ ኮሚቴ በ2020 ለአካባቢ አስተዳደሮች ባወጣው ሪፖርት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፣ ከአንድ አካባቢ አጠቃላይ ልቀት ውስጥ በቀጥታ ከምክር ቤቱ ሕንፃዎች፣ መብራቶችና ተሽከርካሪዎች የሚመጣው ከመቶ 2 እስከ 5 ያህሉ ብቻ መሆኑን፣ ነገር ግን ምክር ቤቶች በሥልጣናቸው ወይም በተጽዕኗቸው ሊደርሱበት የሚችሉት ልቀት የአካባቢውን አንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚሆን አስፍሯል። መጠኑ ከአገር አገር እንደ ምክር ቤቱ ሥልጣን ይለያያል፤ የነገሩ ቅርጽ ግን በየትም ቦታ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ የአንድን ዕቅድ ክብደት የምለካው ምክር ቤቱ በሚፈቅደው፣ በሚከለክለው፣ በሚያስከፍለውና በሚመድበው ነገር ነው። እርስዎ ከዘረዘሩልኝ አራት ሥራዎች ሦስቱ ምክር ቤቱ ራሱ የያዘውን ንብረት ብቻ የሚመለከቱ ናቸው፤ መንገድንና የመንገድ አጠቃቀምን የሚነካው የብስክሌት መስመሩ ብቻ ነው። ይህ በራሱ ዕቅዱን የይስሙላ አያሰኘውም፤ ገና ጅምር ላይ ያለ መሆኑን ግን ያሳያል።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ልኬት ነው። በዘርፉ የተለመደው አሠራር ልቀትን በሦስት ምድብ ይከፍላል፦ አንደኛው በራስ ቦይለር (ነዳጅ አንድዶ ሕንፃን በሚያሞቅ መሣሪያ) እና በራስ ተሽከርካሪ ውስጥ ከሚነድ ነዳጅ የሚወጣው፣ ሁለተኛው ከገዙት ኤሌክትሪክ ጀርባ በኃይል ማመንጫው የሚወጣው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሚገዙት ዕቃና አገልግሎት፣ ከሠራተኞች ጉዞ፣ ከሥራ ተቋራጮችና ከመሳሰሉት የሚመጣው ነው። ሦስተኛው ምድብ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ድምር ይበልጣል፤ ለመለካት አስቸጋሪ በመሆኑም ብዙ ምክር ቤቶች ይተዉታል። አንድ ምክር ቤት የቆሻሻ ማንሳቱን ሥራ ለኮንትራክተር ቢሰጥና በዚያው ዓመት «የተሽከርካሪ ልቀታችንን በግማሽ ቀንሰናል» ቢል፣ መኪኖቹ ያንኑ ናፍጣ እያቃጠሉ በዚያው መንገድ ላይ እየዞሩ ነው፤ የተለወጠው ልቀቱ የሚመዘገብበት መዝገብ ብቻ ነው። በመሆኑም ዕቅዱ የትኛውን ምድብ እንደሚያካትት፣ መነሻ ዓመቱ የትኛው እንደሆነ እና በኮንትራት የወጣ ሥራ እንዴት እንደሚቆጠር በግልጽ ጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ኤሌክትሪክ ከምን እንደሚመነጭ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በብሪታንያ በ2012 ገደማ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ 0.2 ኪሎ ግራም ወርዷል፤ የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ማመንጫ የሆነው ራትክሊፍ ኦን ሶርም ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ተዘግቷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንዲት አምፖል እንኳ ያልቀየረ ምክር ቤት በኤሌክትሪክ በኩል ያለበት ልቀት ከግማሽ በላይ ወርዶ ያገኘዋል፤ ያንን ቅናሽ የራሱ ሥራ አድርጎ ቢያቀርበው በቁጥር አልዋሸም፣ በሐቁ ግን ዋሽቷል። ሪፖርቱ ልቀትን በቶን ብቻ ሳይሆን የኃይል ፍጆታን በኪሎዋት ሰዓት ጭምር እንዲያሳይ መጠየቅ ይህን ማምታቻ ያጋልጣል። ከዚሁ ጋር «አረንጓዴ ኤሌክትሪክ ስለምንገዛ ልቀታችን ዜሮ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካጋጠመዎት ጠጋ ብለው ያንብቡት። ብዙውን ጊዜ የተገዛው ከነባር የውሃ ወይም የነፋስ ኃይል ማመንጫ የወጣ የምስክር ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ እጅ ከመለወጡ በቀር አዲስ ተርባይን ላይተከል ይችላል።

ወደተዘረዘሩት ሥራዎች ስመጣ፣ የመንገድ መብራቱ ያለ ክርክር ሊሠራ የሚገባው ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ከ2009 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት ከ140,000 በላይ የመንገድ መብራቶችን በኤልኢዲ ሲተካ የእነዚህን መብራቶች የኃይል ፍጆታ በ63 ከመቶ ያህል ቀንሷል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ብርሃኑን ማደብዘዝ የሚያስችል መቆጣጠሪያ አብሮ ከተገዛ ቁጠባው ይጨምራል፤ በጨረታ ሰነዱ ላይ ይህ መቆጣጠሪያ አለመረሳቱን ማረጋገጥ ይገባል። ነገር ግን ኤሌክትሪኩ እየጠራ በሄደ ቁጥር ከመብራቱ የሚገኘው የካርቦን ቅናሽ እያነሰ እንደሚሄድና በመጨረሻ የሚቀረው የገንዘብ ቁጠባው ብቻ እንደሚሆን መታወቅ አለበት። ሕንፃ ውስጥ ጋዝ ወይም ናፍጣ የሚያነድ ቦይለር ግን ኤሌክትሪኩ ጠራም ደፈረሰ በየዓመቱ ያንኑ ያህል ያጨሳል። እኔ ከመብራት ይልቅ ለቦይለር የበለጠ ትኩረት የምሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ሕንፃዎች ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ የትምህርት ቤት ቆጣሪ አለ። ባማከርሁት አንድ ምክር ቤት በየግማሽ ሰዓቱ የሚመዘግብ ዘመናዊ ቆጣሪ ተገጥሞ ከቆየ በኋላ፣ የስድስት ሳምንቱን ንባብ በአንድ ወረቀት ላይ አሳትሜ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። የሰኞው መስመር፣ የቅዳሜው መስመር፣ የእሑዱ መስመር አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው አንድ መስመር ይመስሉ ነበር፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንም በሌለበት ሕንፃ ውስጥ ማሞቂያው እንደ ቀኑ ይሠራል። የጥበቃ ሠራተኛውን ስጠይቀው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ብርድ የጠናበት ሳምንት ስለነበረ ሰዓት መቆጣጠሪያውን «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ አድርገውት እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳልነካው በእርጋታ ነገረኝ። ማስተካከሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ያ ምክር ቤት ለዚያው ትምህርት ቤት ጣሪያ የሶላር ፓኔል ለመግዛት በጀት ይዞ ነበር፤ ፓኔሉ ቢተከል ኖሮ ባዶ ክፍሎችን በፀሐይ ኃይል ማሞቅ ይሆን ነበር ማለት ነው። የመዋኛ ገንዳ ያለው ምክር ቤት ከሆነ ደግሞ ዓይን መጣል ያለበት መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው። ከገንዳ የሚጠፋው ሙቀት አብዛኛው በትነት የሚሄድ ስለሆነ ማታ ማታ ገንዳውን በልባስ መሸፈን ብቻ፣ በዕቅድ መግለጫ ላይ ፎቶግራፉ የማያምር ቢሆንም፣ ከብዙ ውድ መሣሪያ የሚሻል ውጤት ይሰጣል።

ቦይለርን በሂት ፓምፕ መተካት ከባዱና ዋናው የሕንፃ ሥራ ነው። ሂት ፓምፕ ሙቀትን ከውጭ አየር ወይም ከመሬት ስቦ ወደ ውስጥ የሚያስገባ በመሆኑ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። ስሌቱን እንየው። ጥሩ የጋዝ ቦይለር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ለመስጠት 0.2 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ኤሌክትሪኩ በኪሎዋት ሰዓት 0.2 ኪሎ ግራም የሚያወጣ ከሆነ ሂት ፓምፑ ለዚያው ሙቀት 0.07 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ያስወጣል። ነገር ግን ኤሌክትሪኩ በሙሉ ከድንጋይ ከሰል የሚመጣ ቢሆን፣ ማለትም በኪሎዋት ሰዓት 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ቢያስወጣ፣ ሂት ፓምፑ 0.3 ላይ ይደርሳልና ከቦይለሩ የባሰ ይሆናል። የአንድን ምክር ቤት ዕቅድ ከሌላ አገር እንዳለ መቅዳት የማይቻለው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው የአካባቢው ኤሌክትሪክ ከምን እንደሚመጣ ነው። በተጨማሪም ሂት ፓምፕ ለብ ያለ ውሃ ሲያሞቅ ነው ብርታቱ፤ ግድግዳውና ጣሪያው ሙቀት በሚያሾልክ ሕንፃ ውስጥ ቢተከል ውሃውን በጣም ማጋል ስለሚኖርበት ሦስት እጥፍ የተባለው ወደ ሁለት ይወርዳል። የጣሪያና የመስኮት ሥራ ከመሣሪያው ግዢ መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የምወደው መልስ የጀርመኗ የሽቱትጋርት ከተማ ከ1995 ጀምሮ የሠራበት ዘዴ ነው። የከተማው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ የተመደበለትን ገንዘብ ይዞ ለሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች የኃይል ቁጠባ ሥራ ወጪ ይሸፍናል፤ ትምህርት ቤቱ ወይም ሆስፒታሉ ደግሞ በቆጠበው የኃይል ሒሳብ ልክ በየዓመቱ ለቢሮው ይመልሳል፤ ዕዳው ሲያልቅ ቁጠባው የተቋሙ ይሆናል፣ የተመለሰው ገንዘብም ወደ ሌላ ሕንፃ ይሄዳል። ባንክም ሆነ የውጭ ኩባንያ በመካከል አይገባም። ዘዴው የሚፈታው ችግር በየምክር ቤቱ ያለ ነው፦ አምፖሉን የሚገዛው ክፍል ሌላ፣ የመብራት ሒሳቡን የሚከፍለው ክፍል ሌላ በሚሆንበት ጊዜ ማንም ለመቆጠብ አይነሳሳም።

የሶላር ፓኔሉ ጥሩ ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም። ቀን ቀን ብዙ ኃይል በሚጠቀም ሕንፃ ጣሪያ ላይ ቢተከል፣ ጣሪያው ከፓኔሉ ዕድሜ በፊት የማይታደስ ከሆነ፣ ከተተከለም በኋላ የሚያመነጨውን በየወሩ የሚከታተል ሰው ካለ ዋጋውን ይመልሳል። ለሠራተኞች የሚገዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም እንዲሁ ክፋት የላቸውም፤ ግን መጀመሪያ ስንቱ መኪና ቀኑን ሙሉ ቆሞ እንደሚውል ይቆጠር። በምክር ቤት ተሽከርካሪዎች ውስጥ ናፍጣ የሚጠጡት የቆሻሻ መኪኖች ናቸው፤ በየአርባ ሜትሩ እየቆሙ እየተነሡ የሚውሉ በመሆናቸው ፍሬን ሲያዝ ኃይል መልሶ ለሚሞላ የኤሌክትሪክ ሞተር ከማንም በላይ የሚመቹት እነርሱ ናቸው።

አሁን ዕቅዱ ወዳላካተተው ልሻገር። የግንባታ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን በምክር ቤቱ እጅ ከሆነ፣ ዛሬ የሚፈቀድ ሕንፃ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሊቆም ስለሚችል፣ በአንድ አንቀጽ የሚወሰነው ነገር ከብዙ ፓኔል ይበልጣል። በለንደን የምትገኘው የሜርተን ምክር ቤት በ2003 ከተወሰነ ስፋት በላይ የሆነ አዲስ ሕንፃ ከሚፈልገው ኃይል ቢያንስ 10 ከመቶውን እዚያው በቦታው ከታዳሽ ምንጭ እንዲያመነጭ የሚያስገድድ ደንብ አወጣች፤ ሌሎች ምክር ቤቶችም ተከተሏት፤ በ2008 የወጣ የፓርላማ ሕግም ለደንቡ ሕጋዊ መሠረት ሰጠው። ባርሴሎናም በ2000 ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ አዳዲስና በትልቁ የሚታደሱ ሕንፃዎች ከሚያስፈልጋቸው ሙቅ ውሃ 60 ከመቶውን በፀሐይ እንዲያሞቁ አዝዛለች። ፍራንክፈርት ደግሞ በ2007 የከተማው የራሱ አዳዲስ ሕንፃዎች በሙሉ እጅግ ጥቂት ማሞቂያ በሚፈልገው የ«ፓሲቭ ሐውስ» ደረጃ እንዲሠሩ ወሰነ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ክትትሉ ነው። ፈቃድ ሰጪው ክፍል ሥዕሉ ላይ ፓኔል መሳሉን አይቶ ማኅተም ያሳርፋል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ፓኔሉ ይሥራ፣ አቧራ ይልበስ የሚያየው ከሌለ ደንቡ የወረቀት ደንብ ሆኖ ይቀራል።

ትራንስፖርት ላይ ስንደርስ ነገሩ ከቴክኒክ ይልቅ ፖለቲካ ይሆናል፤ ብዙ ዕቅዶች የሚሸሹትም እዚህ ላይ ነው። ከቀላል ሒሳብ ልጀምር። በከተማ ውስጥ የሚሠራ የናፍጣ አውቶቡስ በመቶ ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ያህል ይፈጃል ብንል፣ አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው፣ በኪሎ ሜትር ከ1 ኪሎ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ይሆናል። በመቶ ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ የቤት መኪና በኪሎ ሜትር 160 ግራም ያህል ያወጣል። ስለዚህ ብቻቸውን የሚነዱ ሰባት ሰዎች መኪናቸውን ትተው በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ቢሳፈሩ ሒሳቡ እኩል ይሆናል፤ አርባ ሰው ቢሳፈር ለእያንዳንዱ ከ30 ግራም በታች ይደርሳል፤ ባዶውን የሚሄድ አውቶቡስ ግን ኤሌክትሪክ እንኳ ቢሆን የሚያወጣው ወጪ እንጂ የሚያተርፈው ነገር የለም። የቻይናዋ ሼንዘን በ2017 መጨረሻ ከ16,000 የሚበልጡ የከተማ አውቶቡሶቿን በሙሉ ኤሌክትሪክ ማድረጓ ቴክኖሎጂው እንደሚሠራ አረጋግጧል። ምክር ቤቱን ግን ስለ ሞተሩ ዓይነት ከመጠየቄ በፊት አውቶቡሱ በስንት ደቂቃ ልዩነት እንደሚመጣና በመኪና ሰልፍ ውስጥ ተቀርቅሮ እንደሚውል ወይም የራሱ መስመር እንዳለው እጠይቀዋለሁ።

አውቶቡስ መጨመር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ስቶክሆልም በጥሩ ሁኔታ አሳይታለች። ከተማዋ ወደ መሐል በሚገቡና በሚወጡ መኪኖች ላይ የመጨናነቅ ክፍያ ለመሞከር ስትነሳ፣ ክፍያው ከመጀመሩ ወራት አስቀድሞ በኦገስት 2005 ወደ 200 የሚጠጉ አዳዲስ አውቶቡሶችንና 16 አዳዲስ መስመሮችን ሥራ ላይ አዋለች። በእነዚያ ወራት የመኪናው ቁጥር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። በጃንዋሪ 3 ቀን 2006 ክፍያው ሲጀመር ግን የክፍያ መስመሩን የሚያቋርጠው ትራፊክ በ20 ከመቶ ያህል ወረደ። ሙከራው በጁላይ 31 ሲያበቃ መኪኖቹ አብዛኞቹ ተመለሱ፤ በኦገስት 2007 ክፍያው በቋሚነት ሲመለስ ደግሞ እንደገና ወረዱ። አንድ እርምጃ በርቶ፣ ጠፍቶ፣ እንደገና በርቶ ውጤቱ በዓይን የታየበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ በከተማ ፖሊሲ ውስጥ ብዙም አይገኝም። የሕዝቡም ስሜት የሚገርም ነው፦ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት አብዛኛው ነዋሪ ይቃወም ነበር፤ በሴፕቴምበር 2006 ድምፅ ሲሰጥ ግን ከከተማዋ መራጮች ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ይቀጥል አሉ። በዙሪያው ባሉና የራሳቸውን ድምፅ ባሰጡ ወረዳዎች ግን ተቃውሞው አሸንፏል፤ ከፋዮቹ እነርሱ፣ የጸዳው አየር ግን የመሐሉ ነዋሪ እንደሆነ ተሰምቷቸዋልና ቅሬታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

እንዲህ ያለ ክፍያ ለመጣል ሥልጣን የሌለው ምክር ቤትም አማራጭ አያጣም። የእንግሊዟ ኖቲንግሃም በአፕሪል 2012 ወደ መሐል ከተማ ለሚገባው መኪና ሳይሆን መኪናው ለሚቆምበት ቦታ ማስከፈል ጀመረች፤ ለሠራተኞቻቸው 11 እና ከዚያ በላይ የመኪና ማቆሚያ የያዙ አሠሪዎች በእያንዳንዱ ቦታ በየዓመቱ ይከፍላሉ። ገቢው በሕግ ለትራንስፖርት ብቻ የሚውል ሲሆን፣ በ2015 የተከፈቱት ሁለት አዳዲስ የትራም መስመሮች በከፊል የተሠሩት በዚሁ ገንዘብ ነው። በእኔ ግምት የዚህ ዘዴ ትልቁ ብልሃት፣ ከፋዩ ገንዘቡ የት እንደገባ ከመስሪያ ቤቱ መስኮት አሻግሮ ማየት መቻሉ ነው። የቤልጅየሟ ጌንት ከዚህም በረከሰ ዋጋ ሠርታለች። በአፕሪል 2017 የከተማዋን እምብርት ለእግረኛ ትታ ዙሪያውን በስድስት ቀጠና ከፈለችው፤ መኪና ወደየትኛውም ቀጠና መግባት ይችላል፣ ከአንዱ ቀጠና ወደ ሌላው ለመሻገር ግን ወደ ቀለበት መንገዱ ወጥቶ መዞር አለበት። እግረኛ፣ ብስክሌትና የሕዝብ ትራንስፖርት በቀጥታ ያልፋሉ። የተገዛው ነገር ምልክት፣ ካሜራና የመንገድ መዝጊያ ነው። የኔዘርላንዷ ክሮኒንገን ይህንኑ በ1977 መሐል ከተማዋን በአራት ከፍላ ጀምራው ነበር፤ ነጋዴው ሁሉ ከሰርን ብሎ ጮኾ ነበር፤ ዛሬ ከተማዋ በዓለም ላይ ብስክሌት ከሚበዛባቸው አንዷ ናት።

ከዚህ አንጻር የእርስዎን ምክር ቤት የብስክሌት መስመር ሲመለከቱ ርዝመቱን በኪሎ ሜትር አይጠይቁ። ከመኪናው መንገድ ላይ ተወስዶ የተሰጠው ወርድ ስንት ነው? በቀለም ብቻ ነው የተለየው ወይስ በጠርዝ ድንጋይ? መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ይቀጥላል ወይስ እዚያው ይጠፋል? የአደጋው አብዛኛው በመስቀለኛ ላይ ነውና፣ መሐሉ ያማረ ሆኖ መጋጠሚያው ላይ የሚቋረጥ መስመር ልጁን በብስክሌት ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ አያሳምንም። ከእግረኛው መንገድ ተቆርሶ የተሠራ ከሆነማ ከአንዱ ደካማ ወስዶ ለሌላው ደካማ መስጠት ነው።

ስለ ግብ ቀን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በአውስትራሊያ የሜልበርን ክፍል የሆነችው የዳረቢን ምክር ቤት በዲሴምበር 2016፣ የብሪስቶል ምክር ቤት በኖቬምበር 2018 የአየር ንብረት አስቸኳይ ሁኔታ ካወጁ ወዲህ ብዙ ምክር ቤቶች አውጀዋል፤ ማወጁ ወጪ የለውም። ኮፐንሃገን ከብዙዎቹ ቀደም ብላ በ2025 የልቀት ሒሳቧን ዜሮ ለማድረግ ተነሥታ ነበር፤ ሕንፃዎቿ ከሞላ ጎደል በሙሉ በጋራ የማሞቂያ መረብ የተያያዙ ስለሆኑ የማሞቂያውን ምንጭ ከድንጋይ ከሰል በመቀየር ብዙ ተጉዛለች። በ2022 ግን ግቡን እንደማትደርስበት አስታወቀች፤ የቀረው ልቀት ትልቁ ክፍል የተንጠለጠለው በአንድ የቆሻሻ ማቃጠያ ጣቢያ ላይ በሚገጠም የካርቦን መያዣ መሣሪያ ላይ ነበር፣ ለእርሱም የታሰበው የመንግሥት ድጋፍ አልተገኘም። ኮፐንሃገንን ለመንቀፍ አላነሣኋትም፤ ከብዙዎቹ በላይ ሠርታለች። የእርስዎ ምክር ቤት ዕቅድ ግን የመጨረሻዎቹን ቶኖች ገና ባልተገዛና ገንዘቡ በሌላ አካል እጅ ባለ መሣሪያ ላይ ጥሏቸው እንደሆነ ሊፈትሹት ይገባል። ኦስሎ ይህን አደጋ ለመቀነስ ከ2017 በጀቷ ጀምሮ የአየር ንብረት በጀት ከገንዘብ በጀቱ ጋር በአንድ ሰነድ ታቀርባለች፤ እያንዳንዱ እርምጃ ይቀንሰዋል የተባለው ልቀትና ኃላፊ የሆነው መሥሪያ ቤት አብረው ይጻፋሉ፣ ምክር ቤቱም ሁለቱን በአንድ ላይ ያጸድቃል።

እንግዲህ በአስተያየት መስጫው ላይ የምጽፈው እኔ ብሆን፣ የመብራቱን ሥራ ደግፌ መቆጣጠሪያ እንዲታከልበት እጠይቃለሁ፤ ከሶላር ፓኔሉ በፊት የሁሉም ሕንፃዎች የግማሽ ሰዓት ቆጣሪ ንባብ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን አመለክታለሁ፤ ለመኪና ግዢ የተያዘው በጀት ወደ ቆሻሻ መኪኖችና ወደ ጣሪያ እድሳት እንዲዞር ሐሳብ አቀርባለሁ። ከዚያም ዕቅዱ ዝም ያለባቸውን ሁለት ጉዳዮች በስም ጠርቼ እጠይቃለሁ፦ በአዲስ ግንባታ ፈቃድ ላይ ምን ግዴታ ይጣላል? ከመኪና ማቆሚያ የሚገኘው ገቢስ ወዴት ይሄዳል? መልሱ «ሥልጣኑ የለንም» ከሆነ፣ የትኛው የሕግ አንቀጽ እንደሚከለክላቸውና ሥልጣኑ እንዲሰጣቸው ለበላይ አካል ጽፈው እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገልጹልዎ ያመልክቱ። ጽፈው ከሆነ ደብዳቤው ቀን ይኖረዋል፤ ቅጂውን ይጠይቁ።